የሚጎነበስ ሃርድቶፕና የባሌስትራ ምርጫ፦ መጀመሪያ ሚዛን፣ ቀጥሎ ገበያ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ኤችዚጄ 78 ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር አለኝ። ከኅዳር እስከ የካቲት ቱሪስት ይዤ ዳናኪል እወርዳለሁ፣ ቀሪውን ጊዜ ወደ ኦሞ እሠራለሁ። አራት እንግዳ፣ ምግብ አብሳይ፣ ድንኳን፣ ውሃ፣ በጄሪካን ናፍጣና ሁለት ተጠባባቂ ጎማ ስጭን ኋላው ቁጭ ይላል። ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ብረት ከብረት የተጋጨ ይመስላል። አንዱ ጋራዥ ሁለት የባሌስትራ ብረት እንጨምርልህ አለኝ። ሌላው የአየር ከረጢት ግዛ ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ከዱባይ ባለ 600 ኪሎ ባሌስትራ አስመጣ እያለኝ ነው። የትኛው ይሻለኛል? መኪናው ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚያዘነብለውስ ለምንድን ነው?»

ወንድሜ፣ ከሦስቱ አንዱንም ዛሬ አትግዛ። ሦስቱም በቦታቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን የነገሩህ ሰዎች አንዳቸውም መኪናህ ስንት ኪሎ እንደሚጭን አልጠየቁህም። ባሌስትራ፣ ማለትም መኪናውን አክስሉ ላይ የሚሸከመው የተደራረበ ቀስት ብረት፣ በኪሎ የሚመረጥ ዕቃ ነው። ኋላው ቁጭ ማለቱን ዓይን ያያል፤ በስንት ኪሎ ቁጭ እንዳለ ግን ዓይን አይነግርህም።

ስለዚህ ለቀጣዩ ጉዞ ስትጭን፣ ሁሉም ነገር ከተጫነ፣ ታንኩ ከሞላ፣ ጣሪያው ላይ ያለውም ከታሰረ በኋላ፣ የጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ውጣ። የእህልና የቡና መጋዘኖች፣ የአሸዋና የጠጠር ማምረቻዎች አላቸው፤ ትንሽ ከፍለህ ይመዝኑልሃል። በሦስት ዙር አስመዝን። መጀመሪያ መኪናውን እንዳለ፣ ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አድርገህ፣ በመጨረሻ የኋላዎቹን ብቻ። የፊትና የኋላው ድምር ከጠቅላላው ጋር ካልተቀራረበ መኪናው ተዳፋት ላይ ቆሟል ማለት ነውና ድገመው። ሰዎቹ ወንበራቸው ላይ ይቀመጡ፤ ስድስት ሰው ማለት ወደ 450 ኪሎ ነው፣ እነሱን አውርዶ መመዘን ዋናውን ጭነት መተው ነው። ሌላ ቀን ደግሞ መኪናውን ባዶውን፣ ናፍጣና ሹፌር ብቻ ይዞ፣ እንደዚሁ አስመዝነው።

ከዚያ የመኪናውን የአምራች ሰሌዳ ፈልገህ የተፈቀደውን ጠቅላላ ክብደት አንብብ። በ78 ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ቶን ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ታገኛለህ። ሚዛኑ ከዚያ በላይ ካሳየ ወሬው ስለ ባሌስትራ መሆኑ ያበቃል። ጠንካራ ባሌስትራ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል እንጂ ሻንሲውን፣ የአክስሉን ቱቦ፣ የጎማውን ኩሽኔታና ፍሬኑን አያጠነክርም። አውስትራሊያ ውስጥ ባሌስትራና አሞርዛተር (ውዝዋዜውን የሚገታውን የዘይት ቱቦ) ቀይሮ፣ በመሐንዲስ አስፈትሾና በሕግ አስመዝግቦ የተፈቀደውን ክብደት ከፍ ማድረግ የታወቀ አሠራር ነው። ያ ግን ተፈትሾ ወረቀት የወጣለት የተሟላ ዕቃ ነው። ባሌስትራውን ብቻ ከሳጥኑ አውጥቶ መግጠም ያንን ፈቃድ ይዞልህ አይመጣም።

አንተ የዘረዘርከውን እኔ በግምት ስደምረው እንዲህ ይመጣል። አንተን ጨምሮ ስድስት ሰው 450። አምስት ጄሪካን ውሃ ከነዕቃው 110። ስድስት ጄሪካን ናፍጣ፣ ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል በሊትር 0.84 ኪሎ አካባቢ ይዘን፣ ከቆርቆሮው ጋር 125። ሁለት ተጠባባቂ ጎማ ከነቸርኬው 70። ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ስንቅ 150። ይኸው 905 ደረሰ። የጣሪያው ፖርቶ መጋላና የኋላው የብረት መከላከያ ለብቻቸው 120 ቢመዝኑ 1,025 ኪሎ ሆነ። ባዶው መኪና ከነናፍጣው 2,250 ቢሆን በጠቅላላው 3,275 ላይ ነህ። እውነተኛውን ሚዛኑ ይነግርሃል፤ እኔ ግን ከአሁኑ ጠርዝ ላይ እንዳለህ እገምታለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፤ ጭነቱ የተቀመጠበት ቦታ። የ78 የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 2.98 ሜትር ነው። ከኋላው አክስል 1.2 ሜትር ወደ ውጭ፣ በኋላ በርና መከላከያ ላይ፣ 100 ኪሎ ጎማና ጄሪካን ብትሰቅል ኋላው የሚሸከመው 100 ኪሎ አይደለም፤ 140 ነው። አርባው ኪሎ ከፊት ተነስቶ የመጣ ነው። መሪው ስትጭን የሚቀልህ፣ ኮረኮንች ላይ ፊቱ የሚንሳፈፍብህም ለዚህ ነው። ያንኑ 100 ኪሎ ከኋላ ወንበሩ እግር ሥር፣ ከአክስሉ ፊት ብታስቀምጠው ግማሽ መፍትሔ ያለ ወጪ አገኘህ። ውሃ ከሁሉ ከባዱ ነውና መቀመጫው መሀል ላይ፣ ወለሉ ላይ ነው። ጣሪያው የድንኳንና የፍራሽ ቦታ ነው። ናፍጣ ጣሪያ ላይ ሲጫን ሳይ ሁልጊዜ ያናድደኛል፤ ኤርታሌ መንገድ ላይ በእሳተ ገሞራው ድንጋይ መሀል አንድ ጎማ ከፍ ሌላው ዝቅ ሲል፣ ላይ ያለው መቶ ምናምን ኪሎ መኪናውን ወዴት እንደሚጎትተው አስበው። ይህን ደግሞ የትኛውም ባሌስትራ አያስተካክልልህም።

አሁን ወደ ምርጫው። ጋራዥ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ይደባለቃሉ፤ የባሌስትራው ቁመትና የባሌስትራው ጥንካሬ። ቁመት ማለት ሳይጫን ምን ያህል ቀስት ሆኖ እንደሚቆም ነው። ጥንካሬ ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ለማጉበጥ ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ ነው። ከፍ ብሎ የሚቆም ለስላሳ ባሌስትራ አለ፤ ዝቅ ብሎ የሚቆም ድንጋይ የሆነም አለ። ሻጩ «ሁለት ኢንች ከፍ ያደርጋል» ሲልህ ስለ ጥንካሬው ገና ምንም አልነገረህም። ካታሎግ ላይ ጥንካሬው በኪሎ በሚሊ ሜትር፣ በኒውተን በሚሊ ሜትር ወይም በፓውንድ በኢንች ሊጻፍ ይችላል። አንድ ኪሎ በሚሊ ሜትር 9.8 ኒውተን በሚሊ ሜትር፣ ወይም 56 ፓውንድ በኢንች ነው። ይህችን ስልክህ ላይ ጻፋት፤ ሳታመሳስል የሁለት አምራች ዕቃ አታወዳድርም።

በቁጥር ላሳይህ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፣ ያንተን ከሚዛኑ ትተካለህ። ኋላው ተጭኖ 2,025፣ ባዶውን 1,100 ኪሎ መዘነ እንበል። አክስሉ፣ ዲፈረንሻሉ፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ ናቸው እንጂ ባሌስትራው ላይ አይደሉም። ስለዚህ ለነሱ 250 ኪሎ ቀንስ። ለሁለት ስታካፍለው በአንድ ባሌስትራ ተጭኖ ወደ 890፣ ባዶውን 425 ኪሎ ቀረ። ልዩነቱ 465 ኪሎ ነው። ባሌስትራህ 4 ኪሎ በሚሊ ሜትር ከሆነ ስትጭን 116 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ባዶ ሆኖ ከአክስሉ እስከ መምቻው ጎማ (አክስሉ እስከ ላይ ሲወጣ የሚመታው ላስቲክ) 150 ሚሊ ሜትር ቢኖርህ የቀረህ 34 ነው፤ ይህ ለአንድ ጉድጓድ አይበቃም። የምትሰማው ድምፅ ይኸው ነው። 6 ኪሎ ብታደርገው 77 ወርዶ 73 ይቀርሃል። 8 ብታደርገው 58 ወርዶ 92 ይቀርሃል። እኔ ተጭኖ ከ70 በታች ሲቀር አልወድም።

ታዲያ 8 ወይም 10 ለምን አናደርገውም? ምክንያቱም ጥንካሬ ሲበዛ መኪናው መንገዱን መከተል ያቆማል። በጋራዥ ውስጥ የምጠቀምባት አጭር ስሌት አለች፤ ክብደቱን ለጥንካሬው ስታካፍል የሚመጣውን ርዝመት በሳንቲ ሜትር ውሰድ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣና 5ን ለሱ አካፍል። መኪናው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ታገኛለህ። ከ1 እስከ 1.5 መካከል ሰው ተቀምጦበት የሚሄድበት ነው። 2 ሲያልፍ ጀርባ ይሰማዋል፣ ሳጥኑ ይንኳኳል፣ የጣሪያው ብየዳ መሰንጠቅ ይጀምራል። ባለ 6 ኪሎው ባሌስትራ ተጭኖ 1.3፣ ባዶውን 1.9 አካባቢ ይሰጥሃል። ባለ 8ቱ ተጭኖ 1.5፣ ባዶውን 2.2። ባለ 10ሩ ተጭኖ 1.7፣ ባዶውን 2.4። ባዶውን እየዘለለ የሚሄድ ኋላ ኮረኮንች ላይ ጎማው መሬት አይነካም። መሬት ያልነካ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም የለውም። የብረቶቹ እርስ በርስ መፋተግ ስሌቱን ትንሽ ያዛባዋል፣ አቅጣጫውን ግን አይቀይረውም።

ስለዚህ የሚገዛው ለብዙው ቀን ጭነትህ ነው። በዓመት ሁለቴ ለሚያጋጥምህ ከባድ ጉዞ አይደለም፤ መኪናው ከተማ ውስጥ ባዶውን ለሚቆምበት ቀንም አይደለም። አንተ እንደነገርከኝ ከሆነ አብዛኛው ቀንህ ጭነት ነው፤ ስትመለስ ውሃውና ናፍጣው ብቻ ይቀንሳል። ያ ለኔ ከ6 እስከ 7 አካባቢ ያለ፣ ከሥሩ ደግሞ ረዳት ብረት ያለበት ባሌስትራ ይመስለኛል። ረዳቱ ማለት ከሥር ቀጥ ብሎ የሚቆም ወፍራም ብረት ነው። ባዶ ስትሆን አይነካም፤ ጭነቱ ላዩን ሲያወርደው ገጥሞ መሸከም ይጀምራል። ጭነቱ ለሚቀያየር ሰው ከዚህ የተሻለ ቀላል ነገር አላውቅም። ጓደኛህ ያለው «600 ኪሎ» በእነ ኦልድ ማን ኢሙ፣ ዶቢንሰንስና አይረንማን ዓይነት የአውስትራሊያ አምራቾች አነጋገር ብዙውን ጊዜ ሁልጊዜ መኪናው ላይ የሚኖር ጭነት ማለት ነው፤ ለአንድ ጉዞ የሚጫን አይደለም። ኋላው ላይ የተበየደ ሳጥን፣ ተጨማሪ ታንክ፣ ፍሪጅና መደርደሪያ ይዞ የሚኖር መኪና ነው የሚያስቡት። ከመግዛትህ በፊት ቁጥሩ ለምን ዓይነት ጭነት እንደሆነና ጥንካሬው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቅ። መመለስ የማይችል ሻጭ ሳጥኑን ነው የሚሸጥልህ።

አሁን ወደ ጋራዡ ሐሳብ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይኖርብናል። «ሁለት ብረት እንጨምር» ማለት ምን ዓይነት ብረት? ያሉህ ሰባት ናቸው እንበልና ሁለት ተመሳሳይ ውፍረት ያላቸው ብትጨምር ጥንካሬው ሩብ ያህል ወይም ትንሽ በልጦ ይጨምራል። ይህ ምክንያታዊ ነው። ግን ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ከሶማሌ ተራ የተገኘ የአይሱዙ ባሌስትራ ተቆርጦ ነው። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬ ከውፍረቱ ኩብ ጋር፣ ማለትም ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ከሚመጣው ጋር ነው የሚሄደው። 7 ሚሊ ሜትር ከሆኑት መሀል አንድ ባለ 10 ብታስገባ፣ ያቺ አንዷ ብቻ እንደ ሦስቱ ትሸከማለች። ሁለት ስትሆን ደግሞ ሁለቱ ብቻቸውን የድሮዎቹ ሰባት የሚሸከሙትን ያህል ሊሸከሙ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። ወፍራም ብረት ደግሞ ለተመሳሳይ መጉበጥ የበለጠ ውጥረት ይሸከማል፤ ከ7ቱ ጋር እኩል ሲጎብጥ ላዩ ላይ ያለው ውጥረት በ40 ከመቶ አካባቢ ይበልጣል። ስለዚህ ወይ እሷ ትሰነጠቃለች፣ ወይም ጫፏ ያረፈበት ቦታ ላይ ከላይዋ ያለው ቀጭን ብረት ይሰበራል።

ይህን ራስህ ማየት ትችላለህ። ከመኪናው ሥር ገብተህ የተጨመረው ብረት ጫፍ ያረፈበትን ቦታ በብሩሽ ጥረግና በባትሪ አብራ። አዲስ ያበራ ጭረት፣ በዙሪያውም ቡናማ የዝገት ዱቄት ካየህ ጫፉ የላይኛውን እየፋቀው ነው። ስብራት የሚጀምረው እዚያው ነው። የተሰበረ ባሌስትራ ስትፈታም ታሪኩን ፊቱ ላይ ታገኘዋለህ፤ ከአንድ ጥግ የጀመረ ጠቆር ያለና ለስላሳ ቦታ አለ፣ ቀሪው ነጭና ሻካራ ነው። ጥቁሩ ለብዙ ጊዜ ተሰንጥቆ ሲሄድ የኖረው ነው፣ ነጩ በመጨረሻው ጉድጓድ በአንዴ የሄደው። ጥቁሩ ግማሽ ከደረሰ «ትናንት ጉድጓድ ሰበረብኝ» ማለት አይሠራም።

መጨመር ካለብህ ውፍረቱና ስፋቱ ከነባሩ እኩል የሆነ፣ ቀስቱ ከላዩ ካለው ጥቂት የበለጠ፣ ርዝመቱም በደረጃ የወረደ ብረት ይሁን፤ ሁለቱም ጎን እኩል። በሌላ በኩል የረገበን ባሌስትራ በመዶሻ አስቀጥቅጦ ቀስቱን መመለስ የሚባለው ነገር አለ። በብርዱ ከተቀጠቀጠ ለጥቂት ወራት ቁመት ይሰጥሃል፤ ጥንካሬው ግን ያው የድሮው ነው፣ ይመለሳልም። በእሳት አግለው ከመቱት የብረቱ ጥራት ጠፋ ማለት ነው፤ እንደገና በሥርዓት በዘይት ካልጠነከረና ካልሰከነ በስተቀር አታስገጥመው። ለዳናኪል መንገድ እኔ ይህን አላደርግም።

አንድ ሐሳብ ልጨምር፦ ጥቂት ወፍራም ብረት ብቻ ያላቸው፣ መሀላቸው ወፍሮ ጫፋቸው የሚሳሳ ባሌስትራዎች አሉ። አካሄዳቸው በጣም ይለሰልሳል፤ መፋተግ ስለሚያንስባቸውም ትናንሽ ድንጋይ ላይ ያምራሉ። ግን ሁለትና ሦስት ብቻ ናቸውና አንዱ ቢሰበር የሚደግፈው የለም። ሰባትና ስምንት ያለው አንዱ ቢሰበርበት አስረኸው እስከ ሰመራ ትወጣለህ። በተለይ ሁለተኛው ብረት የዋናውን ዓይን የሚያቅፍ ከሆነ፣ ዋናው ቢሰበር እንኳ አክስሉ ቦታውን አይለቅም። ስትገዛ ይህችን እቅፍ ፈልግ።

የአየር ከረጢቱን ባጭሩ ልጨርሰው። ባሌስትራ ጭነቱን ለሻንሲው የሚያስረክበው ከፊትና ከኋላ በሁለት ነጥብ ነው። ከረጢቱ ግን አክስሉ አናት ላይ ቆሞ ሻንሲውን በአንዲት ነጥብ ይገፋል። ከአክስሉ ኋላ የተንጠለጠለው ጭነት ደግሞ ወደ ታች ይጫናል። መሀሉ ተገፍቶ ጫፉ ሲጫን ሻንሲ ይታጠፋል፤ በከረጢት ላይ ከልክ በላይ ተጭነው ሻንሲያቸው የታጠፈ ፒክ አፖች የታወቁ ናቸው። ለትንሽ ማስተካከያ፣ በትንሽ ግፊት፣ አስፋልት ላይ ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ክፉ አይደለም። ለአንተ ግን ስለታም ድንጋይና ሙቀት ባለበት፣ አንዱ ቢፈነዳ መለዋወጫ በማታገኝበት ቦታ አልመክርም።

ፊቱን አልጠየቅከኝም፤ ግን ኋላውን ስታነሳ እሱም ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የተሠራ 78 ከፊት በባሌስትራ ፈንታ ሞላ (የተጠቀለለ ወፍራም ሽቦ) ነው ያለው። በሞላ ጥንካሬ ላይ ዋናው የሽቦው ውፍረት ነው፤ ከ16 ወደ 17 ሚሊ ሜትር ብቻ ስታወፍረው 27 ከመቶ ይጠነክራል። ስለዚህ «ትንሽ ወፈር ያለ» የሚባል ነገር የለም፣ በካሊፐር ለካ። ከፊት ዊንችና የብረት መከላከያ ካልጫንክ፣ ሚዛኑም ፊቱ ላይ ብዙ ጭማሪ ካላሳየ፣ የፊቱን ሞላ አትንካ። ከሥሩ ማንሻ ብረት ማስገባት ቁመት ብቻ ይጨምራል። ፊቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከተነሳ አክስሉ በክንዶቹ ዙሪያ ወደፊት ይዞርና መሪው ቀጥ ብሎ የመመለስ ኃይሉን ያጣል፤ አስፋልት ላይ በ90 ስትሄድ ይቅበዘበዝብሃል። ያንን የሚያርሙ ቡሾች አሉ፣ ከሞላው ጋር አብረው ይገዙ።

አሞርዛተር ግን የግድ ነው። ጠንካራ ባሌስትራ ከተጎነበሰ በኋላ በኃይል ነው የሚመለሰው፤ የድሮው አሞርዛተር ያንን መመለስ መያዝ አይችልም። ኮረኮንች ላይ አሞርዛተር እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይቀይራል፣ በዳናኪል አየር ደግሞ የሚበርድበት ዕድል ትንሽ ነው። ዘይቱ አረፋ ሲሠራ መያዙን ያቆማል። ለዚህ ሥራ ወፍራም፣ ናይትሮጅን የተሞላ፣ ለገዛኸው ባሌስትራ ጥንካሬ የተስተካከለ ይሁን። ከረጅም ኮረኮንች በኋላ ቆመህ እጅህን አስጠግተህ አወዳድር፤ ሳትነካው፣ ያቃጥላል። አንዱ ከሌሎቹ ቀዝቀዝ ካለ እሱ መሥራት አቁሟል። ምን ያህል እንደሚጓዝ ለማወቅ ደግሞ ዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስረህ ሂድ፤ ተገፍታ የደረሰችበት ቦታ እስከ ስንት እንደተጨመቀ ታሳይሃለች።

ሲገጠም የማልደራደርባቸው ነገሮች አሉ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች አዲስ ይሁኑ፤ የተወጠረ ዩ ቦልት አንዴ ተስቧል፣ ድጋሚ አይይዝም። የመሀሉ ቡሎን ጭንቅላት በአክስሉ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱን ራስህ እይ። ዩ ቦልቱ ሲላላ አክስሉን የሚይዘው ያ ቡሎን ብቻ ይሆናል፤ እሱ ሲቆረጥ ኋላው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። የባሌስትራው ዓይን ቡሎኖች በክሪክ ተነስቶ ሳለ አይጠበቁ፤ መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱ ካረፈ በኋላ ነው የሚጠበቁት። ካልሆነ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራልና ቶሎ ይበጠሳል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን ሁሉ እንደገና አጥብቅ፤ ከመጀመሪያው የኮረኮንች ጉዞ በኋላም እንደዚሁ።

ከኋላ አክስሉ ወደ ሻንሲው በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት መቆጣጠሪያ ካለህ እሱን አደራ። መኪናው ሲጎነበስ «ተጭኗል» ብሎ ለኋላ ፍሬን ግፊት ይጨምራል፣ ከፍ ሲል «ባዶ ነው» ብሎ ይቀንሳል። ባሌስትራ ለውጠህ ኋላው በ5 ሳንቲ ሜትር ከተነሳና ዘንጉ ካልተስተካከለ፣ አንድ ቶን ጭነህ እንኳ ፍሬንህ ባዶ መኪና ይዞ ያለ ነው የሚመስለው። ከደጋው ወደ አፋር ቁልቁለቱን ስትወርድ ይህ ቀልድ አይደለም። ብዙ ጋራዥ ይህን ዘንግ አይነካውም፤ ራስህ ጠይቅ።

ወደ ግራ ማዘንበሉ ምክንያቱ ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። አንተ የምትቀመጠው በግራ ነው፤ ጄሪካኖቹንና ተጠባባቂውን ጎማ በየትኛው ጎን እንደሰቀልክ አስብ። መጀመሪያ ባዶውን ሜዳ ላይ አቁመህ፣ የአራቱንም ጎማ አየር እኩል አድርገህ፣ ከጎማው መሀል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ በሜትር ለካ። ባዶውን እኩል ከሆነና ስትጭን ካዘነበለ የአጫጫንህ ነው፣ ወጪ የለውም። ባዶውንም ካዘነበለ የግራውን ባሌስትራ ፈትሽ፤ መሀል ላይ የተሰበረና ዓይን የማያየው ብረት ብዙ ጊዜ አለ፣ ዩ ቦልቱ ሥር ስለሚደበቅ። ኋላውን በክሪክ አንስተህ ስታወርደው ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ጥርጣሬህ ትክክል ነው። ከፊት ደግሞ አንዳንድ ሞላዎች የግራና የቀኝ ተብለው በተለያየ ቁመት ይሠራሉ፤ ቀድሞ የገጠመው ሰው አቀያይሮ ሊሆን ይችላልና ላያቸው ላይ ያለውን ምልክት አንብብ።

ሚዛን ላይ ስትወጣ አራቱን ቁጥር፣ ባዶና ተጭኖ፣ ፊትና ኋላ፣ ጻፍልኝ። ከአክስሉ አናት እስከ መምቻው ጎማ ያለውን ርቀትም በሁለቱም ሁኔታ ለካ። በእነዚያ ላይ ተመሥርቼ የሚያስፈልግህን ጥንካሬ በቁጥር እሰጥሃለሁ፤ ያንን ይዘህ መርካቶም ሆነ ዱባይ መጠየቅ ትችላለህ።